ሽማግሌ የተላከለት ግድግዳ

ሰው ማርጀቱን ለማወቅ ፀጉሩን ማየት አያስፈልግም። ፀጉር ቀለም ይቀባል። ጥርስ ይተከላል። ዕድሜውንም ቢሆን ማንም እንደሚመቸው ቀንሶ ይናገራል፤ እኔ ራሴ ለመታወቂያ የነገርኳቸውን ቁጥር ዛሬ ድገሚው ብባል አልደግመውም። እርጅና የሚታወቀው በአንድ ነገር ብቻ ነው። ሰውየው ገላውን ሲታጠብ በሩን ከውስጥ ይቆልፋል ወይስ አይቆልፍም? የሚቆልፍ ከሆነ ጉልበቱ ቢንቀጠቀጥም፣ ዓይኑ ቢፈዝም፣ ገና ሰው ነው። በሩ ክፍት ሆኖ የሚታጠብ ከሆነ ግን፣ አዝናለሁ፣ ከቤቱ ዕቃዎች ጋር ተደምሯል። ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከሳህን የሚለየው ማጉረምረሙ ብቻ ነው።

እኔ እስካለፈው ክረምት ድረስ ቆላፊ ነበርኩ። የምቆልፈው ሻወር ቤት ደግሞ የዋዛ አይምሰላችሁ። ቤታችን አቃቂ ውስጥ ድሮ ለፋብሪካ ሠራተኞች ከተሠሩት፣ ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀው አንድ ግድግዳ ከሚጋሩት ቤቶች አንዷ ናት። ባሌ ተሰማ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የፋብሪካው የጥገና ሠራተኛ ነበር። ታዲያ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ኮንትራቱ አልቆ አገሩ ሊገባ ሲል፣ ከቤቱ የተፈታ ሻወር ለተሰማ ሰጠው። ሙቁንና ቀዝቃዛውን ውሃ አንድ ላይ የሚያደባልቅ፣ ሁለት እጀታ ያለው፣ እንደ ወፍጮ ድንጋይ የሚከብድ ሻወር ነው። ተሰማ ለሱ ብሎ ግድግዳ ሰነጠቀ፣ ሁለት የብረት ቧንቧ በዕቃው ስፋት ልክ ቀበረ፣ ሙቁን ውሃ የሚልክ ቦይለር ሰቀለ፣ ከላይ ደግሞ ከየት እንዳመጣው ያልነገረኝን፣ እኔም ያልጠየቅሁትን ሰማያዊ ሴራሚክ ለጠፈበት። ሰፈሩ ሁሉ ሳፋ ውስጥ ተቀምጦ ሲታጠብ እኔ ቆሜ ነበር የምታጠበው። ኩራቷ የጀመራት ከዚያ ሻወር ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። አያውቁኝም ማለት ነው፤ ከዚያ በፊትም ነበረኝ።

ሻወሩ ከእኔ ጋር አብሮ አረጀ። መጀመሪያ የአናቱ ቀዳዳዎች ተደፈኑና ውሃውን በጎን መትፋት ጀመረ። ችላ አልኩት፤ እኔም በጎን ታጠብኩ። ቀጥሎ የሙቁ ውሃ እጀታ ተሰብሮ እጄ ላይ ቀረ። ያን ጊዜ ተሰማ ካረፈ ቆይቷል፤ ስለዚህ የሱን ፒንሳ በገመድ አስሬ ሚስማር ላይ ሰቀልኩት። ቀዝቃዛውን በእጅ፣ ሙቁን በፒንሳ። ይህ ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ ሙያ ነው። ጥቂት ካነሰ ያንዘፈዝፋል፣ ጥቂት ከበዛ የዶሮ ላባ ያስለቅቃል። ለዓመታት ሳልሳሳት ሠራሁበት። ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት ግን በሳሙና የራሰው ፒንሳ እጄ ላይ ዞረና የፈላውን ውሃ ጀርባዬ ላይ ለቀቀብኝ። ዘለልኩ። በእኔ ዕድሜ የዘለለ ሰው ደግሞ የሚያርፍበትን አይመርጥም። ቀኝ እጄ ላይ አረፍኩ።

አጥንቱ እንኳ አልተሰበረም፤ ወለም ብሎ ነው፤ ወጌሻው አሽቶ አሰረልኝ። የተሰበረው ሌላ ነው። ልጄ ሰናይት ከቂሊንጦ ኮንዶሚኒየም እየከነፈች መጣች። ሰናይት አንድ ልጄ ናት፣ ቢሮ ነው የምትሠራው፣ ስትቆጣ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። ይህን ከአባቷ ነው የወረሰችው፤ ከእኔ የሚወረስ ዝቅ ያለ ድምፅ የለም። ቀስ ብላ፣ እማዬ፣ ይሄ ሻወር እስኪቀየር ድረስ ብቻሽን አትታጠቢም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ እኔ አጥብሻለሁ አለችኝ። እሺ የኔ ልጅ አልኳት፤ በልቤ ግን በሩን ቆልፌባት ከውስጥ ስዘፍን እየታየኝ ነበር። ነቃችብኝ። በቢላ ጫፍ የበሩን መቀርቀሪያ ፈታች፣ ብሎኖቹን ሳይቀር በሶፍት ጠቀለለችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አዲስ ሻወር ሲገጠም ይመለሳል አለች። መቀርቀሪያዬ ቂሊንጦ ወረደ ማለት ነው። ቂሊንጦ የወረደ ደግሞ መቼ እንደሚፈታ ማን ያውቃል?

የመጀመሪያዋን ቅዳሜ አልረሳትም። ሰናይት ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ጠቅልላ፣ ባልዲና ጆግ አሰናድታ፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። ክንድሽን አንሺ። ዙሪ። ዓይንሽን ጨፍኚ። ስንቱን ዓይኔን ገልጬ ያለፍኩ ሴትዮ፣ አሁን ጨፍኚ ተብዬ ጨፈንኩ። ጀርባዬን እንደ ከረመ ድስት ፈተገችው። ፀጉሬን ያጠበችው በልጇ ሻምፖ ነው፤ ጠርሙሱ ላይ የምትስቅ ዳክዬ አለችበት፤ ዓይን አያቃጥልም አለችኝ። ልጄ ጥሩ ልጅ ናት፣ ይህን አልክድም። ስንት እናት አለች፣ ልጅ ወልዳ ውሃ የሚያቀብላት ያጣች። ግን እሷን በልጅነቷ ሳፋ ውስጥ አስቀምጬ የማጥባት እኔ ነበርኩ፣ ሰፈሩ እስኪሰማ ነበር የምትጮኸው። ያን ጊዜ ቅብጠት ይመስለኝ ነበር። አሁን ምክንያቷ ገባኝ። በፎጣ ጠቅልላ ስታወጣኝ፣ ይህ ነገር ልማድ ከሆነማ አበቃልኝ ብዬ ወሰንኩና እጄ ሳይፈታ ሻወር ፍለጋ ሳሪስ ሄድኩ።

ከመሄዴ በፊት መለካቱን አልረሳሁም። ከግድግዳው በወጡት በሁለቱ ቧንቧዎች መካከል ያለው ርቀት በእኔ ግራ እጅ አንድ ስንዝርና አንድ አውራ ጣት ነው። የቧንቧ ዕቃ የሚሸጠው ጎልማሳ፣ እማማ ስንት ሴንቲ ነው ሲለኝ፣ ስንዝር ከአውራ ጣት አልኩት። ፈገግ አለ። ምን ያስቀዋል? ቤቱ የቆመው፣ ልጄ የለበሰችው፣ ተሰማ የተከፈነበት አቡጀዲ ሁሉ በእጅና በክንድ የተለካ ነው፤ ለማናቸውም አልጠበባቸውም። ብቻ የሚያብለጨልጭ ሻወር አወረደና በራሱ እጅ ለካው። ልክ ነው እማማ፣ ለርስዎ ተብሎ የተሠራ ነው የሚመስለው አለኝ። እኔው ልለካው እንዳልል ቀኝ እጄ በወጌሻ ታስሯል፣ ግራው ቦርሳዬን ይዟል፤ ሳሪስ ላይ ቦርሳውን የለቀቀ እጅ ደግሞ ተመልሶ ቦርሳ አይጨብጥም። ስለዚህ ሰፊ መዳፉን አይቼ አመንኩት። የነጋዴ ስንዝር ዕቃው ረጅም ሲሆን እንደሚዘረጋ፣ አጭር ሲሆን እንደሚሰበሰብ የገባኝ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

ሻወሩን ሊገጥም እዚሁ አቃቂ ካለው ከበሰቃ የመጣው የቧንቧ ሠራተኛ ደረጀ ይባላል። ወሬው ከሥራው ቀድሞ ነው የሚገባው፤ ሥራውም ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ዘግይቶም ቢሆን ተከትሎት ይመጣል። አሮጌውን ሻወር እያቃሰተ ፈትቶ አወረደው። አዲሱን አነሳና አንዱን ጎን ከቧንቧው አገናኘ። ሌላኛው ጎን አየር ላይ ቀረ፤ አንድ እግሩን ሱሪ ውስጥ ከትቶ ሁለተኛውን መክተቻ ያጣ ሰው ይመስል ነበር። ትንሽ ክፍተት ሲኖር የሚያስታርቅ ጠማማ መገጣጠሚያ አለ፤ እሱንም ሞከረው፣ እሱንም ሰፋው። እኔ የሳሪሱን ነጋዴ መራገም ስጀምር ደረጀ ይተዉት እማማ አለኝ፤ ዛሬ የሚሸጠው ሁሉ ስፋቱ አንድ ነው፣ ሳሪስን ሙሉውን ቢዞሩ ሌላ አያገኙም፣ ጠማማው የርስዎ ግድግዳ ነው። ግማሽ ልቤ ተጽናና፤ በስንዝር ባልታለልም ሌላ የሚገዛ አልነበረም ማለት ነው። ግማሹ ግን ተቆጣ። የተሰማን ሥራ ማን ነው ጠማማ የሚለው? ደረጀ ቀጠለና፣ ይሄን የቀበረው ሰውዬ ሙቁን በቀኝ፣ ቀዝቃዛውን በግራ አድርጎታል፣ ግራ ገብቶት ነው እንዴ አለ። ግራኝ ነበር፣ የሠራው ለገዛ እጁ ነው አልኩት። መዳፉን አዙሮ ቧንቧዎቹን በግራ እጁ ሞከራቸው። 

ከዚያ ምክሩን አመጣ። ከፊት ለፊት ከገባን ሴራሚኩን መስበር ነው፤ ሴራሚኩ ደግሞ እንደ ፋብሪካ መሠረት በሲሚንቶ ተቀብሯል፣ አንዱን ሲነኩት ሁሉም ይወርዳል፣ እንዲህ ያለ ሰማያዊም ዛሬ የትም የለም። ሻወር ቤቱ እንዳለ ሊፈርስ ነው። ከኋላ ከገባን ግን ቀላል ነው። በዚያ በኩል ብሎኬቱን ሸንቆር አድርጎ አንዱን ቧንቧ ወደ ጓደኛው ማስጠጋት ብቻ ነው። ይህን ብሎ ቀና አለና፣ ለመሆኑ ከኋላ ያለው የማን ቤት ነው ሲል ጠየቀኝ።

ከኋላ ያለችው አስካለ ናት።

አስካለና እኔ ጀርባ ለጀርባ እየኖርን ልጆቻችንን አንድ ላይ ያሳደግን ሰዎች ነን። ከተኳረፍን ግን ከርመናል። ምክንያቱን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ። በእድራችን አንድ ለቅሶ ላይ የድንኳኑን ወጥ የምሠራው እኔ ነበርኩ። አስካለ መጣች፣ ማንኪያ አነሳች፣ ቀመሰች፣ ከዚያ ምንም ሳትለኝ ጨው ጨመረችበት። በእኔ ድስት። ሴቱ ሁሉ እያየ። ጨው ጎድሎት ቢሆን እንኳ፣ አልጎደለውም እንጂ፣ እንዲህ ያለው በጆሮ ይነገራል። ከዚያ ቀን ወዲህ አንቺ መባባሉ ቀርቶ አንቱ ሆንን። የኛ ሰው ሲከባበርም አንቱ ይባባላል፣ ሲኳረፍም አንቱ ይባባላል፤ ልዩነቱ አንገት ላይ ነው፤ የተከባበረው ዝቅ ያደርገዋል፣ የተኳረፈው ያቀናዋል። እንዴት አደሩ ወይዘሮ ዘነበች? እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ እንዴት አደሩ ወይዘሮ አስካለ? እንዲህ ነበር ጠዋት ጠዋት የምንሰዳደበው። አሁን ታዲያ ይህችን ሴት በምን አፌ ግድግዳሽን ልስበረው ልበላት? በሌላ በኩል ደግሞ እሷን ካልጠየቅሁ ቅዳሜ አለ። ከቅዳሜ በኋላም ሌላ ቅዳሜ አለ።

ለሰናይት በስልክ ስነግራት ሳቀችና ሽማግሌ ላኪ አለችኝ። ቀልዷን ነው። እኔ ግን አሰብኩበት። ሰው ልጃችሁን ለልጄ ብሎ ሽማግሌ ይልካል፣ ሚስቴን አስታርቁኝ ብሎ ሽማግሌ ይልካል፤ ግድግዳ ምን በወጣው? ደግሞም በሽማግሌ ከሆነ የጠየቅሁት እኔ አይደለሁም፣ ሽማግሌው ነው። ወግ ያለው ነገር አንገትን ከመድፋት ያድናል። ደረጀን ላክሁት። ብቻውን፣ መዶሻውን እንደያዘ። እሱ ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር የሚጠላ ሰው አይደለም፤ ፊቱን ታጥቦ፣ ኮሌታውን አስተካክሎ ሄደ።

ሲመለስ የሆነውን አንድ በአንድ ነገረኝ። በሯ ላይ ቆሞ፣ ግባ ስትለው ጉዳያችንን ሳናሰማ አንቀመጥም ብሎ፣ ግድግዳዎን ለወይዘሮ ዘነበች ሻወር ልንጠይቅ ነው የመጣነው አላት። ትስቃለች ብሎ ጠብቆ ነበር። አልሳቀችም። ነጠላዋን አጣፍታ ቁጭ አለችና እንደ ልጅቷ አባት ትጠይቀው ገባች። ቧንቧው የማን ወገን ነው፣ ብረት ነው ወይስ ፕላስቲክ? ጠባዩስ፣ የማፍሰስ አመል አለበት? የቀድሞው በምን ምክንያት ተለየ? ደረጀ ሁሉንም እንደየአግባቡ መለሰ። በመጨረሻ፣ እንዲህ ያለ ጉዳይ በአንድ ቀን መልስ አይሰጥበትም፣ ቤተ ዘመድ ይምከርበት፣ በሳምንቱ ተመለሱ ብላ ሸኘችው። ቤተ ዘመድ? አስካለ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ከድመቷ ጋር ካልተማከረች በቀር።

ሳምንት ለናንተ ሳምንት ነው። ለእኔ ቅዳሜ ያለበት ሳምንት ነው። አሮጌው ሻወር ተፈትቷል፣ አዲሱ በካርቶኑ አልጋ ሥር ተኝቷል፣ ከግድግዳው ሁለት የተደፈኑ ቧንቧዎች ብቻ ብቅ ብለው ያዩኛል። ሰናይት ባልዲዋን ይዛ መጣች። በዚህኛው ቅዳሜ የእግሬን ጥፍር ሳይቀር ቆረጠችልኝ። ይህን ሁሉ ቻልኩት። ከዚያ ግን፣ ታውቂያለሽ እማዬ፣ ባይሠራም እኮ ችግር የለውም፣ እኔ ለምጄዋለሁ አለችኝ። ልብ በሉ፣ የተለመድኩት እኔ ነኝ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ እንዲህ እያለች ለብ ያለውን ውሃ ትከሻዬ ላይ ስታፈስልኝ ደስ ሊለኝ ሲል ራሴን ያዝኩት። ዓይኔን ማንም ሳይነግረኝ ጨፍኛለሁ። እዚያ ላይ ነው የደነገጥኩት። ቀጠሮው እስኪደርስ መጠበቁን ተውኩት።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ በቀጥታ አስካለ በር ላይ ቆምኩ። ንግግሬን አሰናድቼ ነበር። ጨውን ካነሳች እንዲህ እላለሁ፣ ማንኪያውን ካነሳች እንዲያ እላለሁ። ገባ ስል ግን ያሰናዳሁት ሁሉ ጠፋኝ። አልጋዋ ላይ የበርበሬ ጣሳ፣ የሽሮ ጣሳ፣ የምስር ከረጢት፣ የዘይት ጀሪካን እንደ እንግዳ ተደርድረው ተኝተዋል። ጓዳዋ ባዶ ነው። መደርደሪያው ተነቅሎ ወጥቷል፣ ወለሉ ላይ ጆንያ ተነጥፏል፣ ግድግዳው ተጠርጎ መዶሻ ይጠብቃል። ምንድን ነው ይሄ ብላት፣ ሰውየሽ የመጣ ዕለት ነው ያወጣሁት አለችኝ። ታዲያ የት ነው የምትተኚው አልኳት። ከሽሮው ጎን፣ እግሬን አጥፌ፣ አለችኝ። አንቺ ብዬ እንደጠየቅኳት የታወቀኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

እንግዲያውስ ለምን በሳምንቱ ተመለሱ አልሽ ብዬ ተቆጣሁ። ሽማግሌ ሲላክ በዕለቱ እሺ የሚል ቤተሰብ የት አይተሻል አለችኝ። ደግሞ አንቺ መዶሻ የያዘ ሰው ከምትልኪብኝ እግርሽን ምን ነካው? እግሬ አይደለም፣ እጄ ነው አልኳት። አውቃለሁ አለች። የወደቅሽ ጊዜ ሰምቼሻለሁ። እዚችው ጓዳ ውስጥ ነበርኩ። ግድግዳውን ይዤ፣ ተነሳች አልተነሳች እያልኩ ቆሜ ቆየሁ። በኋላ ያንን ፒንሳ ስትራገሚው ሰማሁና ደህና ናት ብዬ ተቀመጥኩ።

 ይህን ያህል ጊዜ ከኋላዬ ጠላት አለ ብዬ ስጠነቀቅ፣ ከኋላዬ የነበረው ግድግዳ ይዞ የሚያዳምጥ ሰው ነው። ንግግር የማያጣው ምላሴ ያን ዕለት አንድ እግዜር ይስጥልኝ ብቻ አወጣ፤ እሱንም ዝግ ባለ ድምፅ። ሰናይት ብታየኝ ከአባቴ መሆኑ ቀርቶ ከእማዬ ነው የወረስኩት ባለች ነበር። ጨው የሚል ቃል ከአስካለ አፍ አልወጣም። እኔም አላነሳሁትም። አልጎደለውም ነበር።

ሥራው ሲጀመር አስካለና እኔ ሁለት ወንበር አምጥተን ጓዳው በር ላይ ተቀመጥን። ደረጀን አሁን ሳስበው ያሳዝነኛል። አንዷ ቀስ በል ስትለው ሌላዋ ምን ያንቀራፍፍሃል ትለዋለች። ብሎኬቱ ተከፍቶ የተሰማ ቧንቧዎች ሲታዩ፣ ሰውዬው እንዴት ቢያስበው ነው ሊል አፉን ሲከፍት አስካለ ቀደመችው። ስማ ልጄ፣ የዚህን ቤት በር የጠገነልኝ እሱ ነው፣ መስኮቴንም የገጠመልኝ እሱ ነው፣ አንተ የምትገጥመውን ግጠም አለችው። ገጠመ። አንደኛውን ቧንቧ ቆርጦ ወደ ጓደኛው አስጠጋው። ከሰማያዊዎቹ ሴራሚኮች አንዷን ብቻ በመሰርሰሪያ በሳ፤ ስትበሳ ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን ነበር፤ አልተሰነጠቀችም። የቀድሞው ቀዳዳ ላይ የሳሙና ማስቀመጫ ሰቀለበት። ሙቁንም ወደ ግራ አዞረው፤ እኔ እስከ ዛሬ ሙቅ ስፈልግ ቀኝ እጄ ነው የሚቀድመው። የቧንቧ ውሃ በኛ ሰፈር በፈረቃ ነው፣ ያን ዕለት ደግሞ ተራችን አልነበረም፤ ስለዚህ ጣሪያ ላይ ካለው ታንከር ለቆ ሞከረው። አስካለ የልጅ ትኩሳት እንደሚያይ ሰው መዳፏን ቧንቧው ላይ አድርጋ ቆየችና፣ ደረቅ ነው አለች።

ደረጀ ቀዳዳውን በሲሚንቶ ልደፍነው ሲል ግን አይሆንም አለችው። ነገ ቢያፈስ ተመልሰህ መጥተህ ልታፈርስብኝ ነው? በር አድርግለት። ከተጣለ ቁም ሳጥን ላይ ትንሽ መዝጊያ ቆርጦ በማጠፊያ ገጠመላት፤ የርግብ ቤት በር ይመስላል። እሷም መደርደሪያዋን መልሳ ሽሮዋንና በርበሬዋን አጠገቡ ደረደረች። ያን ቀን ማታ እግሯን ዘርግታ ተኛች።

መቀርቀሪያዬም ከቂሊንጦ በነፃ ተለቀቀ። ሰናይት ራሷ አምጥታ፣ ራሷ በብሎን አሰረችው። አዲሱን ሻወር ከፈተች፣ ዘጋች፣ በእጇ ሙቀቱን ለካች፤ አሁን በአንድ ጣት ነው የሚዞረው፣ አያቃጥል፣ አያዳልጥ። እዚያው በር ላይ ትንሽ እንደመቆም አለች። ቅር ያላት መሰለኝ። እኔ ግን በሩን ፊቷ ላይ ዘግቼ መቀርቀሪያውን ቀጭ አደረግሁት። ያን ድምፅ ስሰማ የተሰማኝን እግዜር ያውቀዋል። ልጄ የዳክዬዋን ሻምፖ ሳሙና ማስቀመጫው ላይ ትታልኝ ሄዳለች። እውነትም ዓይን አያቃጥልም።

እንግዲህ ቆሜ፣ ብቻዬን፣ በተቆለፈ በር ውስጥ፣ ፀጉሬ አረፋ እንደሆነ፣ ከግድግዳው ውስጥ ድምፅ ሰማሁ። ዘነበች፣ ቆመሻል? ይላል። ከድንጋጤ የተነሳ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። አስካለ ናት። መዝጊያዋን ከፍታ አፏን አስጠግታ ነው። በእኔ በኩል ከሴራሚኩ በቀር የሚከልል የለም፤ በቧንቧዎቹ ዙሪያ ያለው ክፍተትም ድምፁን እንደ ወንፊት ያሳልፈዋል። ቆሜያለሁ፣ አሁን ዝጊው አልኳት። እሺ አለች። አልዘጋችውም።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የምኖረው። ውሃ ስከፍት መዝጊያዋ ሲንቋቋ ይሰማኛል። ቆመሻል? ቆሜያለሁ። ጀርባሽ ጋ ደረስሽ? ምን አገባሽ? ከዚያ የእድሩን ወሬ ታመጣለች፤ ማን ታመመ፣ ማን ተዳረ፣ የማን ወጥ ቀጠነ። ወጥ እየሠራች ከሆነ ደግሞ ሽታው በክፍተቱ ይገባል፤ ስንት ሳሙና ጨርሼ ቁሌት ቁሌት እየሸተትኩ የወጣሁባቸው ቀናት አሉ። የኔ እንፋሎትም ወደ እሷ እየሄደ በርበሬዬን አረጠበው ብላ ትነጫነጫለች። ታዲያ አንሺው ስላት ከቦታው አላነሳም ትላለች። እንዲህም ሆና ለማንም አሳልፌ አልሰጣትም፤ ብዙ ነገር ነው የተደረገልኝ። ደረጀን መርቄዋለሁ። ልጄን መርቄያታለሁ። የሳሪሱን ነጋዴ ሳይቀር መርቄዋለሁ፤ ጣቱን ሰብሰብ ባያደርግ ኖሮ እኔ ባዶ እጄን ተመልሼ ከፒንሳው ጋር እኖር ነበር፣ አስካለም በዚያ በኩል ግድግዳ ይዛ እንደቆመች ትቀር ነበር።

ባለፈው ሰሞን አስካለ ልጇ ጋ ቢሾፍቱ ሄዳ ሰነበተች። ቅዳሜ ደረሰ። ቦይለሩ ሞቋል፣ ታንከሩ ሙሉ ነው። ፎጣዬን ይዤ ገባሁ፣ በሩን ቆለፍኩ፣ ልብሴን አወለቅሁ፣ ከሻወሩ ሥር ቆምኩ። ከፈትኩት። ትንሽ ጠበቅሁ። ምንም የለም፤ ውሃው ብቻ ነው የሚንሿሿው። ዘጋሁት፣ ልብሴን መልሼ ለበስኩና ወጣሁ። ስትመለስ እታጠባለሁ አልኩ። ማታ ሰናይት ደውላ፣ እማዬ ታጠብሽ ወይ አለችኝ።

ውሃ ጠፍቶ ነው አልኳት። አቃቂ ላይ ይህን የሚጠራጠር የለም።